አውጫጭኝ በትምህርት ቤቱ ሜዳ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከምትማርበት የሮቤ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። እናቷ ሥራ ላይ ስለነበረች እኔ ሄድኩላት። ያስቀመጡን የልጆቹ ዴስክ ላይ ነበር፤ ጉልበቴ ከሥሩ አልገባ ስላለኝ ወደ ጎን ዞሬ፣ አንድ እግሬን መተላለፊያው ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ስለ ደንብ ልብስና ስለ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ ብዙ ተባለ። በመጨረሻ አንድ ልጅ እግር የታሪክ መምህር ተነሣና፣ «ተማሪዎቹ ስለ ባሌ ታሪክ ይጠይቁኛል። መጽሐፉ ያለውን ብነግራቸው አንዱ ቤቱ ሄዶ ሌላ ሰምቶ ይመጣል፤ ያንን ሲናገር ደግሞ ሌላው ያኮርፋል። እናንተ ወላጆች፣ እንዴት ባስተምራቸው ይሻላል ትላላችሁ?» አለ።

ከዚያ በኋላ ስብሰባው ስብሰባ አልሆነም። መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠ ኮት የለበሰ ሰውዬ፣ «ያለፈው አልፏል፤ ልጆቻችንን አታጣሉብን» ብሎ ጮኸ። ከኋላ አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት፣ «አያቶቻችን ያዩት መከራ ታሪክ ካልሆነ፣ ታሪክ ምንድን ነው?» አለች። ሌላው ተነሣ፣ ሌላዋ ተነሣች፣ አማርኛውና ኦሮምኛው ተደበላለቀ። መምህሩ ግራ ሲገባው ዓይኑን አንከራተተና እኔ ላይ አሳረፈው።

«እማማ፣ ከሁላችንም እርስዎ ይበልጣሉ። ምን ይላሉ?»

አፌ ደረቀ። በዚህ ዕድሜዬ ባል ቀብሬአለሁ፣ ለቀዶ ሕክምና ተኝቻለሁ፣ መንግሥት ሲለዋወጥ አይቻለሁ፤ በሰው ፊት ታሪክ ተናገሪ ስባል የሚይዘኝ ፍርሃት ግን ከሁሉም የተለየ ነው። «ውሃ ካለ ስጡኝ» አልኩ። ሰዉ ሳቀ፣ ጠቡም ለጊዜው በረደ። እኔ ግን ቤቴ እስክገባ ድረስ በዓይኔ ላይ የነበረው የጎባ ትምህርት ቤት ሜዳ ነው።

በጃንሆይ ዘመን ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ ሮቤ በፎቅ ስትኮራ ሳይ ፈገግ እላለሁ፤ ያኔ ለእኛ ለጎባ ልጆች ሮቤ ማለት ስንዴ መሃል ያለች የገበያ ቦታ ነበረች። የጎባ ብርድ ደግሞ የተለየ ነው። ጉም ከተራራው ወርዶ ከተማው ላይ ይተኛል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ እስክታባርረው ድረስ የጎረቤትሽን በር እንኳ አታዪውም። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ እጃችንን ለማሞቅ ትኩስ ቆሎ በኪሳችን ይዘን ነበር የምንሄደው፤ ክፍል ስንደርስ ቆሎውም አልቋል፣ እጃችንም መልሶ ቀዝቅዟል።

ሰባተኛ ክፍል የነበርኩበት ያ ዓመት ግን ከብርዱ ይልቅ ፍርሃቱ ነው የሚታወሰኝ። ቆላው ተነሥቷል ይባላል። በመሬትና በግብር ምክንያት የሸፈቱ ሰዎች በረሃ ወርደዋል። ወደ ጊኒር የሚወስደው መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል። ወታደር የጫኑ መኪኖች ከተማውን አቋርጠው ሲወርዱ ሱቆች በራቸውን ገርበብ ያደርጋሉ። ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ለመደ፤ እናቴ ገብስ ስትቆላ እንኳ የብረት ምጣዱን ላለማንኳኳት የምትጠነቀቅ ይመስለኝ ነበር። ማን ምን እንደሚያስብ አይታወቅም፤ የማይታወቅ ነገር ደግሞ ልጅን ይበልጥ ያስፈራል።

ክፍላችን ውስጥ አያቶቻቸው ከሰሜን የመጡ እንደ እኔ ያሉ ልጆች ነበሩ፤ አገሩ የአባቶቻቸው የሆነ የኦሮሞ ልጆችም ነበሩ። ሁላችንም ሁለቱንም ቋንቋ እየቀላቀልን እናወራለን፤ ስንጣላ በአንዱ፣ ስንታረቅ በሌላው። ከድር የሚባል ልጅ ከእኔ ኋላ ይቀመጥ ነበር። አባቱ ኦቦ ሁሴን ከወንዙ ማዶ ያለውን የእኛን መሬት በጭሰኝነት ያርሱ ነበር፤ ከምርቱ እኩሌታውን ለእኛ ያገባሉ። ይህ ለእኔ እንደ ፀሐይ መውጣት ያለ ነገር ነበር፤ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ከድር በእረፍት ሰዓት እናቱ የገብስ ዱቄት በቅቤ ያሸችለትን ጭኮ ያመጣል፣ እኔ ዳቦ አመጣለሁ፣ እንለዋወጣለን። በዚህ ንግድ ሁልጊዜ የሚከስረው እሱ ነበር፤ የእናቴ ዳቦ ደረቅ ነው።

የታሪክ መምህራችን አቶ ሰሎሞን ከአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላኩ ቀጭን ወጣት ነበሩ። የጎባን ብርድ የሚችል ልብስ ስላልነበራቸው ከኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ያስተምሩ ነበር። አንድ ቀን ከመጽሐፉ እያነበቡልን የእኛ አገር ላይ ደረሱ። መጽሐፉ ባሌን በአንድ መስመር አልፏት ነበር፤ በሰላም ተቀላቀለች ይልና ወደ ሌላው ይሄዳል። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ይኸው ነው? እኛ ይህችው ብቻ ነን?» አለች። አቶ ሰሎሞን መጽሐፉን ዘጉት።

«ቤታችሁ ሂዱና ትልቅ ሰው ጠይቁ» አሉ። «ቤታችሁ የቆመበት መሬት ከእናንተ በፊት የማን ነበር? ወደ እናንተስ እንዴት መጣ? የሰማችሁትን እንደ ሰማችሁት አምጡ። አትጨምሩ፣ አትቀንሱ።»

ይህን ሲሉ መዳፋቸውን በኮታቸው ሲጠርጉ አይቻለሁ። በዚያ ብርድ እጃቸውን አልቦት ነበር።

የእኛ ቤት ትልቅ ሰው አያቴ ባላምባራስ ይርጋ ናቸው። ዘጠና ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ ጉሙ ሲገለጥ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር አጎዛ ላይ ይቀመጣሉ። አባባ እላቸዋለሁ። ስለ ዘመቻ ሲያወሩ አድጌአለሁ፤ የትኛው ፈረስ የት እንደ ወደቀ፣ ማን ምን ብሎ እንደ ፎከረ በቃሌ አውቀዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ጥያቄዬ ሌላ ነበር።

«አባባ፣ ይህ መሬት ከእኛ በፊት የማን ነበር?»

ፊታቸውን ከፀሐዩ ወደ እኔ መልሰው፣ «ማን ጠይቂ አለሽ?» አሉኝ።

«ትምህርት ቤት።»

«መንግሥት ነዋ» አሉና ተነሥተው ቆሙ። ለአባባ ትምህርት ቤት ማለት የመንግሥት ደጅ ነው። መንግሥት ከጠየቀ ደግሞ ተረት አይወራም፣ ቃል ይሰጣል። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በዳኛ ፊት እንደ ቆመ ሰው ቀጥ ብለው ነገሩኝ። እኔ አጎዛው ላይ ተቀምጬ ወደ ላይ አያቸዋለሁ።

«ሠራዊቱ እዚህ ሲደርስ እኔ ጢም የሌለኝ ስንቅ ተሸካሚ ነበርኩ። ከተራራው የወረድነው ተርበን ነው። ይህ ቤት ባለበት ላይ አንዲት ጎጆ አገኘን። በሩ ክፍት ነው፣ እሳቱ አልጠፋም፣ ገንፎ ተሠርቶ ምድጃው አጠገብ አለ። ሰው የለም። ቅቤ ብንፈልግ፣ ቤቱን ብንገለባብጥ አጣን። ያለ ቅቤ በላነው። ትኩስ ስለነበር አፌን አቃጠለኝ። ኋላ መሬቱ ሲደለደል ያች ጎጆና ገብሱ ለእኔ ደረሱ። ሰውየው ከጫካ ተመልሶ መጣ። ልብሱን አደግድጎ፣ እኔን ልጁን ጌታዬ አለኝ። የዘራሁትን ገብስ ልጨደው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የገዛ ገብሱን። እጨድ፣ እኩሌታው የእኔ ነው አልኩት። ከመሬቱ ብሉ ተብለን የተደለደልነው እንዲያ ነበር። ቃሌ ይኸው ነው።»

ከዚያ ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያ ሰውዬ ማን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ግን ከወንዙ ማዶ ያለው ገብስ እኩሌታው ዛሬም የእኛ እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ማታ ለእናቴ አልራበኝም አልኳት።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ አያቴ ገዝቶት ነው አለ፣ ሌላዋ ለአገልግሎት የተሰጠን ነው አለች። ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ የአባባን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ። ስጨርስ ከኋላዬ ዴስክ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ ከድር ተራው ሳይሆን ቆሟል። ሊጣላኝ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

«ቅቤውን ቅድመ አያቴ ይዛው ሸሽታ ነው» አለ። «እኛ ቤት ይወራል። ማርቃውን፣ ያንን ገንፎ ሠርታ ቅቤ ልትጨምር ስትል ጩኸት ሰማች። ሕፃኑን አዝላ የቅቤውን ቅል አንጠልጥላ ጫካ ገባች። ከብቱን፣ እህሉን፣ ቆዳውን ሁሉ ትታ ቅቤ ይዛ መሮጧ ቤታችን እስከ ዛሬ ይሳቅበታል።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ዞሬ አየሁት፤ እሱም አየኝ። ከዚያ ምን እንደነካን አላውቅም፣ ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። አቶ ሰሎሞን ጠመኔ ይዘው ወደ ሰሌዳው ዞሩ፤ ምንም ሳይጽፉ ተመለሱ። «ስለዚያ ቀን አሁን ከመጽሐፉ የበለጠ ታውቃላችሁ» አሉ። «ሁሉን ግን አታውቁም።» በሕይወቴ ብዙ መምህራን አስተምረውኛል፤ ታሪክ የሰው መሆኑ የገባኝ ግን በዚያች ክፍለ ጊዜ ነው።

ወሬው ከክፍሉ ወጣ። ልጅ ለእናቱ፣ እናት ለጎረቤቷ፣ ጎረቤት ለገበያተኛ ነገረ፤ በየእጁ ሲያልፍም ሌላ መልክ ያዘ። ገንፎውም ቅቤውም መንገድ ላይ ቀሩና፣ በትምህርት ቤት ውስጥ መሬቱ የተቀማ ነው፣ ለባለቤቱ ይመለስ ተብሎ ተሰበከ የሚል ሆኖ ሹማምንቱ ጆሮ ገባ። በዚያ ዓመት ይህ ቀላል ቃል አይደለም። ስለዚሁ ቃል ቆላ ውስጥ ሰው ይሞት ነበር።

አባቴ በግዛቱ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን በራት ሰዓት ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። ማን ምን እንዳለ አልጠየቀኝም፤ ማወቅ የፈለገ አይመስለኝም። «ነገ ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ አውጫጭኝ ተጠርቷል» አለ።

አውጫጭኝ የድሮ ሥርዓት ነው። ከብት ሲሰረቅ ወይ ሰው ሲገደል የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሽማግሌዎች ይሰየማሉ፣ ሰው በየተራ እየማለ ያየውን የሰማውን ለእነሱ ይናገራል። ስሜ አይታወቅብኝ የሚል፣ ወፍ ነገረችኝ ማለት ይችላል። ፖሊስ ከመጣ ወዲህ የተረሳ ነገር ነበር፤ የጸጥታው ሹም ግን ለዚህ ጉዳይ ከተረሳበት አነሣው። በልጆች ላይ አውጫጭኝ ተደርጎ የሰማ ሰው አልነበረም።

«ከተጠየቅሽ፣ ወፍ ነገረችኝ፣ ከድር ነው በይ» አለ አባቴ። «አጎቱ ቆላ ወርዷል ይባላል። ማንም አይጠራጠርም።»

እናቴ እጇን ከትሪው መለሰች። «የሰው ልጅ ነው እኮ!»

«የእኔዋስ የሰው ልጅ አይደለችም?» አለ አባቴ። እንጀራውን ሳይጎርስ እንደያዘው ወጡ ልብሱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። አባቱ ሲፈራ ያየ ልጅ ከዚያ ወዲያ የሚደገፍበት የለውም። አባባ ከእልፍኙ ባሻገር በራሳቸው ጎጆ ተኝተዋል፤ የነገሩት ነገር ምን እንዳመጣ የነገራቸው ሰው የለም።

ጠዋት ሜዳው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ሣሩ ረጥቧል። ተማሪዎች በአንድ በኩል፣ አባቶች በሌላ በኩል መሬት ላይ ተቀምጠን፣ ፖሊሶች ዙሪያችንን ቆመዋል። አቶ ሰሎሞን ቢሮው በር ላይ ያለ ጋቢያቸው ቆመዋል፤ አጠገባቸው ጠመንጃ የያዘ ሰው አለ። ከጽዱ ሥር አግዳሚ ወንበር ተዘርግቶ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። መሃል ላይ የተቀመጡትን ሳይ ደሜ ቀዘቀዘ። በዕድሜ ከሁሉ ስለሚበልጡ የሽማግሌዎቹ አለቃ አድርገው የሰየሟቸው አባባን ነው።

ሹሙ ቆሞ ተናገረ። ከዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ሰው በመንግሥት ላይ ክፉ ቃል ተናግሯል፣ መሬት ተቀምቷል ብሏል፣ ያ ሰው ካልወጣ ዛሬ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም አለ። አባባ በጥሞና አዳምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፉ ነገር ተደርጓል ከተባለ ክፉ ነገር ተደርጓል፤ ያ ነገር የእሳቸው ቃል ነው ብለው በየት በኩል ያስቡ?

አንድ በአንድ እየተጠራን ሄድን። ጉሙ ተገለጠ፣ ፀሐይ ወጣች፣ መልሶ ደመነ። ቆሎ እንኳ የያዘ አልነበረም። አንዱ ትንሽ ልጅ ሽንቱ አምልጦት አለቀሰ፤ የሳቀበት የለም። እየሄደ የሚመለሰው ተማሪ ሁሉ መሬት መሬት ያያል። አንዱ ከሽማግሌዎቹ ጋር አንሾካሹኮ ሲመለስ፣ ሁለት ፖሊሶች መጥተው ከድርን ከመሃላችን አስነሡት። ከሁላችንም ርቆ፣ ሜዳው ጫፍ ላይ ብቻውን አስቀመጡት።

ኦቦ ሁሴን ከአባቶቹ መሃል ብድግ አሉ። ፖሊሱ በሰደፉ ጫፍ ትከሻቸውን ነካ አደረጋቸውና ተቀመጡ። «ያ ረቢ» ሲሉ እስከ እኔ ድረስ ተሰማኝ። ከድር ልጁን በሚያባብል ሰው ዓይነት ድምፅ ለአባቱ፣ «ሂን ሶዳቲን» አለ። አትፍራ ማለቱ ነው። ራሱ ግን ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። ወደ ቆላ የወረደ ዘመድ አለው የተባለ ልጅ ከተወሰደ እንደማይመለስ ልጆችም እናውቅ ነበር።

ስሜ ተጠራ። አባቴ ከአባቶቹ መሃል ዓይኑን በእኔ ላይ ተክሏል፤ ሳላየው የሚለኝን አውቀዋለሁ። ከወንበሩ ፊት ስደርስ አባባ እንደማያውቁኝ ሁሉ ፊታቸውን አጠንክረው አዩኝ። ለሥርዓት ነው። አስማሉኝ። «ያየሽውን የሰማሽውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ተናገሪ» አሉኝ።

በኋላ ሰዎች ደፋር ብለውኛል። ውሸት ነው። መንግሥትን ፈርቻለሁ፣ ጠመንጃውን ፈርቻለሁ፣ አባቴን ፈርቻለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ምዬ በአባባ ፊት መዋሸትን ፈራሁ። በልጅነቴ ውሸቴን ከዓይኔ ላይ የሚያነቡ ሰው ነበሩ። የትኛው ፍርሃት እንደሚብስ ለመመዘን ጊዜ አልነበረኝም፤ የባሰው ገፋኝ።

«የተናገርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ገንፎው ተበላ አልኩ። ሰውየው የገዛ ገብሱን ልጨደው ወይ ብሎ ጠየቀ አልኩ። ከድር የተናገረው ስለ ቅቤው ብቻ ነው።»

«ይህንን ከማን ሰማሽ?» አለ ሹሙ ከጎን።

አባባን ብቻ ነው የማየው። «ከእርስዎ» አልኩ።

አባባ መጀመሪያ ያልገባቸው መሰሉ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ወደ እኔ አልመጡም። በአጠገቤ አልፈው፣ ሜዳውን በዚያ ቀርፋፋ እርምጃ አቋርጠው፣ ከድር ያለበት ድረስ ሄዱና እርጥቡ ሣር ላይ ከጎኑ ተቀመጡ። ሜዳው ሙሉ ሰው እያያቸው ጋቢያቸውን ለልጁ አካፈሉት።

«ልጅቱ የጨመረችው የለም» አሉ ከዚያው ሆነው። «መንግሥት በትምህርት ቤቱ በኩል ጠየቀኝ፣ ቃሌን ሰጠሁ። ጥፋት ከሆነ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ጻፍ።»

ሹሙ ፊቱ ተለዋወጠ። ባላምባራስ ይርጋን ማሰር ማለት የከተማውን የድሮ ወታደር ቤት ሁሉ መንካት ነው፤ ቃላቸውን መጻፍ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ወደ እሳቸው ሄዶ ጎንበስ አለና፣ «አልተቀማም ይበሉ ባላምባራስ፣ ነገሩ በዚሁ ይለቅ» አላቸው።

«ተቀማ አላልኩም፣ አልተቀማም አላልኩም» አሉ አባባ። «የሆነውን ነው የተናገርኩ። ስሙን እናንተ አውጡለት።»

ኦቦ ሁሴን ከተቀመጡበት፣ «ዱጋ ዱበተን» አሉ፤ እውነት ተናገሩ ማለታቸው ነው። ፖሊሱ ዞር ብሎ አያቸው።

ሹሙ ወደ ወንበሩ ተመለሰና ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ተንሾካሾከ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ፍርዱን ተናገረ። ባላምባራስ አርጅተዋል፣ ከዕድሜ ብዛት ጃጅተዋል፣ የሚሉትን አያውቁም፤ ልጅቱም የሽማግሌ ቅዠት ሰምታ ነው የቀባጠረችው፤ ሕዝቡ ወደየቤቱ ይሂድ። አባባ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። ያን ዕለት የታየኝ የፊታቸው መውደቅ ከጠመንጃው ይልቅ ያስፈራኛል። ከድር ግን ከአባቱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ቤቱ ገባ።

አቶ ሰሎሞን ከዚያ በኋላ አልታዩም። ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ ተባልን፤ የትኛው አገር ብሎ የጠየቀ የለም። ታሪክን ዲሬክተሩ ራሳቸው ከመጽሐፉ እያነበቡ ያስተምሩን ጀመር፤ ያቺን መስመር ሲደርሱ ይፈጥኑ ነበር። ኦቦ ሁሴን ልጃቸውን ከትምህርት ቤት አስወጡ፣ አዝመራው ሲሰበሰብም መሬቱን ለቀው ሄዱ። ወደ አጋርፋ ያሉም አሉ፣ ወደ ጎሮ ያሉም አሉ። ከድርን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ ይኑር ይሙት አላውቅም።

ስለ አባባ ደግሞ ከተማው ጃጅተዋል የተባለውን ተቀበለና ተገላገለ። ለሽምግልና የሚጠራቸው ጠፋ። በልቅሶ ቤት ሰዎች ለሕፃን እንደሚናገሩ ድምፃቸውን ከፍ፣ ቃሉን ረዘም አድርገው ሰላም ይሏቸው ነበር። አእምሯቸው ግን እስከ መጨረሻይቱ ቀን እንደ መስታወት የጠራ ነበር። አንድ ቀን ግድግዳው ሥር ተቀምጠን፣ «አባባ፣ ተቀይመውኛል?» አልኳቸው።

«በምኑ?»

«ጃጁ አስባልኩዎት።»

ሳቁ። «ቃሌን ክጄ ብልህ ከሚሉኝ ይሻላል» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ አዞሩ። ሳቃቸው እውነተኛ ነበር፤ ቢሆንም እጃቸው በትሩን ጨብጦ እንደነበር አይቻለሁ።

ታሪክ በትምህርት ቤት እንዴት ይሰጥ ለሚለው መልስ የለኝም። እነዚያ ስብሰባው ላይ የተጣሉ ሰዎች ሁለቱም ወገን ልጆቻቸውን ነው የፈሩላቸው፤ አልፈርድባቸውም። እኔ የምመኘው አንዲት ነገር ብቻ ናት። አንድ ልጅ ቤቱ የሰማውን ተናግሮ፣ ከኋላው የተቀመጠውም ቤቱ የሰማውን ተናግሮ፣ ሁለቱም ደኅና ወደየቤታቸው የሚገቡበት ክፍል ይኑር። ከዚያ የሚበልጠውን የተማሩት ይጨነቁበት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ያ ወጣት መምህር ቤቴ ድረስ መጣ። ስብሰባው ላይ ውሃ የጠየቅኩት ጠምቶኝ እንዳልነበር ገብቶት ኖሯል። ክፍሉ መጥቼ ለልጆቹ እንድነግራቸው ለመነኝ። እኔ ብቻዬን ከቆምኩ የአንድ ቤት ወሬ ነው፤ ከአገሩ ሰው ወገን አንድ ሽማግሌ ካመጣህልኝ እመጣለሁ አልኩት። እሺ ብሎ ሲነሣ እጄን ጨብጦ ያዘ።

«አይፍሩ እማማ፣ ዘመኑ ሌላ ነው» አለኝ።

«ፈርቼ ነው የምመጣው ልጄ» አልኩት። «ያኔም የተናገርኩት ፈርቼ ነው።»